ማኅበር ከቤት ቤት ይዞራል፦ ለኦነርስ ፕሮግራማችን ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የኦነርስ ፕሮግራሙ ዲን
ለጽሕፈት ቤቱ ባልደረቦች
ግልባጭ፦ ለወላጆቻችን

ጉዳዩ፦ "የኦነርስ ተማሪ ሁለት ዓመት ዶርም ይኖራል" የሚለውን አዲስ ደንብና አብረውት ያሉ ችግሮችን ይመለከታል

የተከበሩ ዲን፣

ይህንኑ ጉዳይ ማርች ላይ በእንግሊዝኛ ጽፈን አስገብተን ነበር። በማግስቱ "ደብዳቤያችሁ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" የሚል ኢሜይል መጣልን። ከዚያ ወዲህ ጸጥ ነው። ሴሚስተሩ አልቆ ተማሪው ሳይበተን ብለን አሁን በአደባባይ፣ ያውም በአማርኛ ጻፍን።

ለምን በአማርኛ ቢሉ፣ አዲሱ ደንብ የሚያስከፍለው ወላጆቻችንን ነው። ከፋይ የሚከፍልበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ማንበብ አለበት። ደግሞም እዚህ ዲሲ አካባቢ አማርኛ የጓዳ ቋንቋ ብቻ አይደለም። የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ለነዋሪው ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቢሮዎ አስተርጓሚ ቢያጣ እንኳ እኛ አለን። ከስምንት ዓመታችን ጀምሮ በየክሊኒኩና በየባንኩ ስናስተረጉም ነው ያደግነው።

ለወላጆቻችን ስል አንድ ነገር ላስቀድም። ኦነርስ ሲባል ብዙዎቻችሁ ሜዳሊያ ይመስላችኋል። እናቴ ደብዳቤው የመጣ ቀን እልል ብላ ስታበቃ "ስንት ብር ነው?" ብላኛለች። ብር አይደለም። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ሦስት መቶ ሰው በሚታጨቅበት አዳራሽ ፋንታ ሃያ የማይሞሉ ተማሪዎች ከመምህሩ ጋር ጠረጴዛ ከበው ይማራሉ። ኮርስ ሲመዘገቡ ከሌላው ይቀድማሉ። በመጨረሻው ዓመት ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር የራሳቸውን ጥናት ሠርተው ይጽፋሉ። ያ ፕሮፌሰር በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍላቸው ልጁን በስሙ ያውቀዋል። ዋናው ጥቅም ይኸው ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ፍራንክ አይደሎት የሚባል ኦክስፎርድ የተማረ ሰው በ1921 የስዋርዝሞር ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዓመቱ እዚያ ኦነርስን አስጀመረ። ጥቂት ተማሪዎች በሴሚናር እየተገናኙ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። መጨረሻ ላይ የሚፈትኗቸው ከሌላ ቦታ የሚመጡ መምህራን ናቸው፤ ያስተማረው ሰው ራሱ አይፈርድም። መለኪያው ተማሪው ምን ያህል ሠርቷል የሚለው ነበር። የእኛ ቢሮ ግን ዘንድሮ "የት ታድራላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

ደንቡን ላስታውስ። ከመጪው ፎል (የመኸሩ ሴሚስተር) ጀምሮ የኦነርስ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በኦነርስ ዶርም ይኖራል። የማይኖር ከፕሮግራሙ ይወጣል። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) በትራንስፈር ተዛውሮ የሚመጣ ተማሪ ከእንግዲህ ጨርሶ አይገባም፤ ሁለቱን ዓመት ከየት ያምጣው? የጥናት ክፍሉን ማታ የሚከፍተው ካርድም ለዶርም ነዋሪ ብቻ ሆኗል። ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ምክንያት አንድ ቃል ነው፦ ኮሚኒቲ፣ አብሮነት ማለት ነው።

እኔ የአራተኛ ዓመት ነኝ። ደንቡ አይነካኝም። ከኋላዬ ያሉትን ግን ነክቷቸዋል፤ ለእነሱ ነው የምጽፈው።

አንደኛው ቅሬታችን ይኸው ዶርም ነው። የመኝታና የምግብ ሂሳቡ በዓመት ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የሁለት ዓመቱን ይደምሩት። በመረጃ ቀኑ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው ስለዚህ ሲጠይቁ "ብድር አለ" ተባሉ። ብድሩን እንየው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም የሚያገኘው የፌዴራል ብድር ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500 ዶላር ነው። የሁለቱ ዓመት ተደምሮ 12 ሺህ ይሆናል። የአንድ ዓመቱን ዶርም እንኳ አይሸፍንም። የቀረው በወላጅ ስም የሚወጣ ብድር ነው። ወለድ ውስጥ መግባት የማይፈልጉ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉን፤ ለእነሱ "ብድር አለ" ማለት በር መዝጋት ነው።

አንድ ልጅ ልንገርዎ። ስሟን አልጽፍም፤ ቢሮዎ ፋይሏን ያውቀዋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ከቤተሰቧ ጋር ትኖራለች። ከቤቷ እስከ ካምፓስ በመኪና 25 ደቂቃ ነው። አባቷ ሌሊት ኡበር ይነዳል። እናቷ ኤርፖርት ስለምትሠራ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። አያቷ ስኳር አለባቸው። ጠዋት የጣታቸውን ደም ለክታ፣ የኢንሱሊን መርፌያቸውን ወግታ፣ ቁርሳቸውን ሰጥታ ነው ልጅቷ ወደ ክፍል የምትመጣው። አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ውጤቷ 3.9 ነው።

ከዶርም ደንቡ ነጻ የሚያደርገውን ፎርም ሞላች። የአያቷን ነገር ጻፈች። የሐኪም ወረቀትም አያያዘች። የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነው፦ ፎርሙ የሚያገለግለው ለተማሪዋ ለራሷ ሕመም ብቻ ነው። ቤቷ አልጋ አላት። ደንቡ ሌላ አልጋ ግዢ ይላታል። እምቢ ካለች ከኦነርስ ትወጣለች፤ ከኦነርስ ስትወጣ ደግሞ ለትምህርት ክፍያዋ የምታገኘው ስኮላርሺፕም ይቀንሳል። ይህንን የመጨረሻውን ነገር ያወቀችው ደንቡ ከወጣ በኋላ ነው።

አብሮ መኖር ጥቅም የለውም አንልም። ሌሊት አብሮ ያጠና ሰው ይቀራረባል፤ እናውቃለን። ግን እዚሁ ጎረቤታችን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ባልቲሞር ካውንቲ ያለውን የማየርሆፍ ስኮላርስ ፕሮግራምን ይመልከቱ። በ1988 የተመሠረተ ነው። ሳይንስና ምህንድስና ለሚማሩ ልጆች ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሳይጀመር ክረምቱን አንድ ላይ ያሰባስባቸዋል፣ በቡድን እንዲያጠኑ ያደርጋል፣ አማካሪው ይከታተላቸዋል። ያንን ሁሉ ሲጠይቃቸው ግን ስኮላርሺፕ ሰጥቶ ነው። የእናንተ ደንብ ጥያቄውን ወስዶ ገንዘቡን ትቶታል።

አሁን ስለ "ኮሚኒቲ" ትንሽ እንነጋገር። እኛ ይህን ነገር ከሌላ ሰው አልተማርነውም። የወላጆቻችን የጽዋ ማኅበር በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ አንዱ ዉድብሪጅ። ተረኛው ጠላውንና ዳቦውን ያዘጋጃል፤ ሌላው ከያለበት ይመጣል። የማኅበር አባል ለመሆን ጎረቤት መሆን አያስፈልግም። ቀኑን ማወቅና ተራ ሲደርስ መደገስ ይበቃል። ማንም ሰው "ሁላችሁም እኔ ቤት ካልተከራያችሁ ማኅበርተኛ አይደላችሁም" ብሎ አያውቅም።

እኛም ከቤታችን የምንመላለሰው ልጆች የራሳችን ቦታ አለን። ካላወቁት ላሳይዎት። የፓርኪንግ ጋራዡ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቅ ቢሉ ሦስት አራት አሮጌ ኮሮላ ጎን ለጎን ቆመው ያገኛሉ። የአንዱ የኋላ ኮፈን ተከፍቷል። በፎይል የተጠቀለለ ፍርፍር አለ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው እናት የመጣ፤ ተራ አለው። የፊት ኮፈኑ ላይ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ካርዶች ተደርድረው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው የመኪና ቁልፍና የውሃ ጠርሙስ ተጭኖባቸዋል። ባለፈው ዓመት ያንን ኮርስ እዚያ ኮፈን ላይ ያጠናን ስድስት ነበርን። ስድስታችንም አልፈናል። ክረምት ሲመጣ ግን፣ የዚህ አገሩን በረዶ ማለቴ ነው፣ ጣት ካርድ አይገለብጥም። ያኔ ነበር ማታ ማታ ጥናት ክፍሉ የሚያገለግለን። አሁን ካርዳችን ቀይ ያበራል።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴው ላንሳው፣ እናንተ ከማንሳታችሁ በፊት። አዎ፣ ባለፈው ኖቬምበር በኦነርስ ሳሎኑ ቡና አፍልተን የእሳት አደጋ ደወል ያስጮህነው እኛ ነን። ቡናው አይደለም፣ ዕጣኑ ነው። መቶ ሃያ ሰው በፒጃማ ውጭ ብርድ ላይ ቆመ። ቅጣቱን ከፍለናል። ይቅርታም ጠይቀናል። ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ "ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?" ብሎ ጠይቆ አንድ ስኒ ጠጥቶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ግን ሳሎኑን ለማስያዝ በጠየቅን ቁጥር "ተይዟል" ነው መልሱ። አምስት ጊዜ ጠይቀናል። ሁለቱን ጊዜ ሄደን አይተናል፤ ባዶ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ዕድሉ የሚታደልበት መንገድ ነው። ወላጆች ይህን ልብ በሉ፤ የኦነርስ ግማሽ ጥቅሙ ክፍል ውስጥ አይደለም። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ላይ (በፈረንጁ ሰባት) በዶርሙ ሳሎን እራት አለ። ፕሮፌሰሮች ይጋበዛሉ። እዚያ ነው "ለክረምቱ ሁለት ልጅ እፈልጋለሁ" የሚባለው። ኢሜይሉ የሚወጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሐሙስ ጠዋት ቦታው አልቋል።

ከእኛ አንዱ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ረቡዕ ማታ ኤርፖርት ፈረቃ አለው። አምና አንድ ላብራቶሪ እሱ በሦስተኛ ዓመት ለጥናቱ የመረጠውን ርዕስ የሚሠራ ልጅ ፈለገ። ኢሜይሉ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ወጣ። ልጁ በሦስት ሰዓት ከሃያ አመለከተ። "ይቅርታ፣ ትናንት ማታ ሞልቷል" አሉት። ሃያ ደቂቃ! የተወሰዱት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ እነሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ግን እነሱ የቀደሙት በውጤት አይደለም። ፒዛው የተበላበት ክፍል ውስጥ ስለነበሩ ነው።

ስለ ፒዛው ካነሳሁ አይቀር፣ ረቡዕ ጾም ነው። ለኦርቶዶክስ ልጅ ረቡዕና ዓርብ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን በተከታታይ አለ። ከሰባቱ ቀን ለእራት ረቡዕን መምረጥ፣ ከዚያም አይብ ያለበትን ፒዛ ብቻ ማዘዝ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም። እኛም ሆን ተብሎ ነው አላልንም። ሁለት ጊዜ በቃል ነግረናል። ሁለት ጊዜ "ጥሩ ሐሳብ ነው" ተብለናል። ሙስሊም ጓደኞቻችን በረመዳን እዚያው ሳሎን ውስጥ ምግብ ፊታቸው ተደርድሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቀመጣሉ፤ ሲያፈጥሩ የቀረው የሰላጣ ቅጠል ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ነው። ረዘም አደርገዋለሁ፣ ይቅርታ።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን በዲቪ የመጣን ነን፣ ወይም በዲቪ የመጣ ወላጅ ያመጣን። ዲቪ በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣ ዕጣ ነው። ደርሶህ ስትገባ ግሪን ካርድ ይሰጥሃል። ለዜግነት ለማመልከት በደንቡ አምስት ዓመት መጠበቅ አለብህ። እንግዲህ አስቡት። በ17 ዓመቷ የመጣች ልጅ፣ ሃይስኩል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራተኛ ዓመት ስትደርስ ገና ግሪን ካርድ ይዛ ነው።

እንዲህ ያለች አንዲት ጓደኛችን አለች። የኦነርስ የስኮላርሺፕ አማካሪው ጠርቶ "ለፉልብራይት ተወዳደሪ" አላት፤ ውጭ አገር ሄዶ ለማጥናት የሚሰጥ የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። ደስ አላት። ታንዛኒያ ሄዳ ስለ ወባ ልታጠና እቅድ አወጣች። ስድስት ሳምንት ጻፈች። ድርሰቱን ሰባት ጊዜ አሻሽላለች፤ አራቱን እኔ አንብቤዋለሁ። በዚያ መሃል ሁለት ፈረቃ ለቃለች። ከዚያ ማመልከቻውን ኦንላይን ስትከፍት ዜግነት ተጠየቀች። ፉልብራይት ለአሜሪካ ተማሪዎች የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎች ነው። አለቀ።

"ራሷም ማንበብ ነበረባት" ተብሏል። ልክ ነው፣ ነበረባት። ግን አማካሪ የሚባለው ሰው ሥራው ምንድን ነው? ማርሻልና ትሩማን የሚባሉት ስኮላርሺፖችም ዜግነት ይጠይቃሉ። ውጭ አገር ለአንድ ሴሚስተር ለመማር የሚረዳው ጊልማንም እንደዚያው። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ፖስተሮች እነዚሁ ናቸው።

ያልተለጠፉትን እኔ ልለጥፍ። ለስደተኞችና ለስደተኛ ልጆች ተብሎ የተቋቋመ የፖልና ዴዚ ሶሮስ ፌሎውሺፕ አለ። በየዓመቱ ሠላሳ ሰው ይመርጣል፤ ለማስተርስ፣ ለዶክትሬት፣ ለሕክምናና ለሕግ ትምህርት እስከ 90 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መወዳደር ይችላል። ለእንደኛ ዓይነቱ ልጅ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከቢሮዎ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማንም። እኔ የሰማሁት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ከምናስቀድስ ዶክተር ነው፣ ጸበል ስንጠጣ።

ጎልድዋተር የሚባለው ስኮላርሺፕ ለሳይንስ ተማሪዎች ነው። ዜጋ ለመሆን ማሰቡን በጽሑፍ የገለጸ ግሪን ካርድ ያዥ ይችላል፤ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ካላጨው በር የለውም። የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በክረምት ለባችለር ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የምርምር ፕሮግራም፣ በኋላም ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚሰጠው ፌሎውሺፕ ለግሪን ካርድ ያዥ ክፍት ናቸው። የክረምቱ ደግሞ ይከፈልበታል፤ ከኤርፖርት ፈረቃ ጋር ማወዳደር ይቻላል። ግሪን ካርድ የሌላቸው፣ በተማሪ ቪዛ ከአዲስ አበባ የመጡት ጓደኞቻችን ደግሞ እንግሊዝ አገር ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምረው ለጌትስ ኬምብሪጅ ስኮላርሺፕ መወዳደር ይችላሉ፤ ከብሪታንያ ውጭ ለሆነ የየትኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው። ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ መጻፍ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እኔ አሁን ጻፍኩት።

አራተኛው አጭር ነው፣ ግን ያማል። አንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ አለ። እስከ 15 ዓመቱ ደሴ አጎቱ ቤት ነው ያደገው። እናቱ እዚህ ሠርታ ገንዘብ ትልካለች፣ አጎቱ ያሳድጋል። ባለፈው ኦክቶበር አጎቱ አረፉ። የእናቱ ዘመዶች ሊነጋ ሲል በር አንኳኩተው አረዱት። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። አንድ ፈተናና አንድ ሴሚናር አመለጠው።

ፎርሙ "የቅርብ ቤተሰብ" የሚለው ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ባልና ሚስት፣ ልጅ ነው። አጎት የለም። "እንደ አባቴ ናቸው" ብሎ ጻፈ። የሞት የምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ አምጣ ተባለ። ወረቀቱ ከደሴ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ተተርጉሞ፣ እዚህ ሲደርስ ሴሚስተሩ አልቋል። ውጤቱ 3.46 ሆነ። መስመሩ 3.5 ነው። ከኦነርስ መውጣቱን የነገረው በበረዶው ወራት እረፍት የደረሰው ኢሜይል ነው። አስቀድሞ የጠራው ሰው የለም። እድር እንኳ መዋጮ ያቋረጠ ሰው ሲኖር ስሙን ከመሰረዙ በፊት ሰው ይልክበታል።

ፋሲካንም ላንሳና ልለፈው። በ2024 የእኛ ፋሲካ ሜይ 5 ዋለ። በማግስቱ ጠዋት የኦነርስ የጥናት ጽሑፍ አቀራረብ ነበር። ሌሊቱን ቅዳሴ ቆመው፣ ቀኑን ቤተሰብ ጋር ውለው፣ ሰኞ ጠዋት ያቀረቡ ሁለት ልጆች አሉ። በ2027 ሜይ 2 ይውላል። ካላንደሩን ገና ካላወጣችሁት አሁን እየነገርናችሁ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

የዶርሙ ደንብ ለአንድ ዓመት ይቆይ። በዚያ ዓመት ውስጥ ደንቡን የሚመረምር ኮሚቴ ይቋቋም፤ ከአባላቱ ቢያንስ ሁለቱ ከቤታቸው የሚመላለሱ ተማሪዎች ይሁኑ፣ አንዱ በትራንስፈር የመጣ። ቢሮው ደንቡን የግድ ካለ ግን ፔል ግራንት (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የማይመለስ ድጋፍ) ለሚያገኙ ተማሪዎች የዶርሙን ሂሳብ ፕሮግራሙ ይክፈል። ነጻ የሚያደርገው ፎርም ቤተሰብ መርዳትን እንደ በቂ ምክንያት ይቀበል። የአሌክሳንድሪያዋ ልጅ ማመልከቻ ደግሞ ኮሚቴውን ሳይጠብቅ እንደገና ይታይ። የዶርሙን ዲፖዚት (ቅድሚያ ክፍያ) የምትከፍልበት ቀን ሜይ 1 ነው።

ለትራንስፈር ተማሪዎች በሩ ይከፈት። የጥናት ክፍሉ ካርድ ለሁላችንም ይሥራ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

የምርምር ቦታ ሁሉ መጀመሪያ በጽሑፍ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይነገር። ቢያንስ አንድ ሳምንት ክፍት ይቆይ። እራቱ ይቀጥል፤ ግን አንዳንዴ ቀን ምሳ ይሁን፣ አንዳንዴም ረቡዕ አይሁን። የጾም ምግብ ይኑር። ምስርና ጎመን ውድ አይደለም። የምትገዙበትን ሬስቶራንት እንጠቁማለን።

የስኮላርሺፕ ቢሮው ለዜጋ፣ ለግሪን ካርድ ያዥና ለተማሪ ቪዛ የሚሆኑትን ለይቶ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ያውጣ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። ማንንም ተማሪ ጠርታችሁ "ወረቀትህ ምንድን ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። በዚህ ዘመን ያ ጥያቄ ሰው ያስደነግጣል። ሰንጠረዡን ለጥፉት፤ ሁሉም የራሱን መስመር ያውቃል።

በለቅሶ ፎርሙ ላይ "ያሳደገኝ ሰው" የሚል ሳጥን ይጨመር። ከ3.5 በታች የወረደ ተማሪ ስሙ ከመሰረዙ በፊት በአካል ተጠርቶ ይጠየቅ፣ አንድ ሴሚስተርም ይሰጠው። የደሴው ልጅ ወደ ቦታው ይመለስ።

መልሱን በጽሑፍ፣ ከሜይ 1 በፊት እንጠብቃለን። እርስዎ ወይም ከባልደረቦችዎ አንዱ በአካል ልታነጋግሩን ብትፈልጉ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ (በፈረንጁ ሦስት) ጋራዡ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ቡናው በፔርሙዝ ነው። ዕጣን የለም።

ከአክብሮት ጋር፣

የሐበሻ ኦነርስ ተማሪዎች ስብስብ ጸሐፊ
የአራተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ